ለፍተሻ ወይስ ለቀረጻ? በአዳማ ለሥራ የሚሆን ድሮን አመራረጥ

አዳማ ውስጥ ድሮን ለሥራ ለመግዛት የሚነሣ ሰው ብዙውን ጊዜ ከሁለት ወገን የአንዱ ነው። አንዱ ሰርግ፣ ክሊፕና የሆቴል ማስታወቂያ የሚቀርጽ የስቱዲዮ ባለቤት ሲሆን፣ ሌላው የፋብሪካ ጣሪያ፣ የከፍተኛ ኃይል ማስተላለፊያ መስመር፣ የውሃ ታንከር ወይም የነፋስ ተርባይን የሚፈትሽ መሐንዲስ ነው። በሁለቱ መካከል ደግሞ ሦስተኛ ገዢ አለ፤ በሰርግ ወቅት እየቀረጸ፣ ሰርግ ሲቀንስ የፋብሪካ ሥራ እየተቀበለ፣ አንዱን ድሮን ዓመቱን ሙሉ ሥራ ላይ ለማዋል የሚያስብ። ከሦስቱ ገንዘቡን በቀላሉ የሚያባክነው ይህኛው ስለሆነ፣ ይህ መመሪያ ለሁሉም የሚጠቅም ቢሆንም ዓይኑን የሚጥለው በእርሱ ላይ ነው።

በሱቅ ውስጥ ንጽጽሩ ሁልጊዜ የሚጀመረው ካሜራው ስንት ኬ (በምን ያህል የምስል ጥራት) እንደሚቀርጽና ባትሪው ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ በመጠየቅ ነው። ከዚያ በፊት መጠየቅ ያለበት ግን ምስሉ ለማን፣ ለምን እንደሚሰጥ ነው። በመዝናኛ ሥራ ደንበኛው የሚገዛው ምስሉን ራሱን ስለሆነ፣ ምስሉ ካማረ ሥራው አለቀ ማለት ይቻላል። የፍተሻ ደንበኛ ግን ለምስሉ ውበት ደንታ የለውም፤ የተርባይኑ ክንፍ እስከ መጪው ዓመት ይቆይ እንደሆነ ወይም አሁኑኑ መጠገን እንዳለበት ለመወሰን የሚያስችለው፣ ስንጥቁ በሚሊ ሜትር የሚለካበት፣ ቦታው በትክክል የሚታወቅበትና ከስድስት ወር በኋላ ከሚነሣው ጋር የሚተያይ ማስረጃ ይፈልጋል። ስለዚህ ለአንዱ ምርጥ የሆነው ድሮን ለሌላው ዋጋ ቢስ ሊሆን ይችላል፤ ዋጋው ውድ ስለሆነ ብቻ ሁለቱንም ይሠራል ማለትም አይደለም።

ፈቃዱ ከእቃው ይቀድማል

በአገራችን ድሮን እንደ ማንኛውም ካሜራ በሻንጣ ይዘውት የሚገቡት እቃ አይደለም። ለማስገባትም ሆነ ለማብረር አስቀድሞ ፈቃድ ማውጣት ያስፈልጋል፤ በጉዳዩም የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደርና የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ድርሻ አላቸው። ያለ ፈቃድ ቦሌ የደረሰ ድሮን በጉምሩክ ይያዛል፤ በኋላ ደብዳቤ ለማምጣት መሯሯጥ ደግሞ ከመጀመሪያው ከማመልከት እጅግ ይከብዳል። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ በስጦታ መልክ እንዲያስገባ መላክም ከዚህ አያድንም።

በዚህ ረገድ ሁለቱ ሥራዎች እኩል አይደሉም። የፍተሻ ሥራ ደንበኛው ብዙውን ጊዜ ድርጅት ነው፤ ቦታው የታወቀ፣ ቀኑ የተቆረጠ፣ ዓላማው በጽሑፍ የሚገለጽ ስለሆነ ለፈቃድ ሰጪው የሚቀርብ ደብዳቤ ማጻፍ አይቸግርም። ሰርግ ቀራጩ ግን ቅዳሜ አንድ አዳራሽ፣ እሑድ ሌላ መናፈሻ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ሶደሬ ወይም ቆቃ ሐይቅ ዳር ሊገኝ ይችላል፤ ለእያንዳንዱ ቦታ የሚያስፈልገውን አስቀድሞ መጨረስ የእቃው ዋጋ አካል ሆኖ መታሰብ አለበት። የአየር ኃይል ዋና መቀመጫ የሆነችው ቢሾፍቱ ከአዳማ ሩቅ አለመሆኗና በዙሪያው የኃይል ማመንጫና የባቡር መስመር መኖሩም ጉዳዩን ቀላል አያደርገውም። በብዙ አገሮች ከ250 ግራም በታች የሆነ ድሮን ቀለል ያለ ደንብ ስለሚጠብቀው አምራቾች ክብደቱን ወደ 249 ግራም ያወርዱታል። እዚህ ግን ክብደቱ ማነሱ ከፈቃድ ነጻ ያወጣኛል ብሎ መግዛት የዋህነት ነው።

የአዳማ አየር በወረቀት ላይ የተጻፈውን ያሳንሳል

በካርቶኑ ላይ የሚነበበው የበረራ ጊዜ የተለካው ነፋስ በሌለበት፣ በባሕር ወለል አቅራቢያና ባትሪው እስከ መጨረሻው ተሟጥጦ ነው። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ በዚህ ከፍታ የአየሩ ጥግግት ከባሕር ዳርቻው 15 በመቶ ያህል ያንሳል። አየሩ ሲሳሳ ፕሮፔለሩ ያንኑ ክብደት ለመሸከም በፍጥነት መሽከርከር ስለሚኖርበት ባለበት ለመንሳፈፍ ብቻ ከ8 በመቶ ያላነሰ ተጨማሪ ኃይል ይወስዳል። በዚህ ላይ ባትሪው 25 ወይም 30 በመቶ ሲቀረው ማሳረፍ እንደሚገባ ከታሰበ፣ 45 ደቂቃ ይበርራል የተባለው ድሮን አዳማ ላይ ለሥራ የሚውልበት ጊዜ ከ30 ደቂቃ ብዙም አይርቅም። የባትሪ ብዛት ሲታዘዝ መቆጠር ያለበት በዚህ ሂሳብ ነው።

ነፋሱ ከከፍታው የባሰ ነው። አዳማ የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለባት ያለ ምክንያት አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የተጠናቀቀው አዳማ 1 በ34 ተርባይኖች 51 ሜጋ ዋት፣ በ2015 የተጠናቀቀው አዳማ 2 ደግሞ በ102 ተርባይኖች 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። እያንዳንዳቸው 1.5 ሜጋ ዋት የሆኑት እንዲህ ያሉ ተርባይኖች ሙሉ ኃይላቸውን የሚሰጡት ነፋሱ በሰከንድ 11 ሜትር አካባቢ ሲደርስ ነው። አሁን በዚህ መመሪያ በብዛት የምጠቅሳቸውን፣ ዲጄአይ የተባለው የቻይና አምራች የሚሠራቸውን ድሮኖች ገደብ እንመልከት፦ ሚኒ 4 ፕሮ በሰከንድ 10.7 ሜትር፣ ኤር 3ኤስና ማቪክ 3 ኢንተርፕራይዝ 12 ሜትር፣ ማትሪስ 30 ቲ በበረራ ላይ እስከ 15 ሜትር ይቋቋማሉ። ተርባይኑ በሙሉ ኃይሉ በሚሠራበት ነፋስ ትንሿ ድሮን አቅሟ ያበቃል፤ መካከለኛዎቹም ቢሆኑ ጠርዝ ላይ ናቸው። በዚያ ላይ መሬት ላይ ለስለስ ያለው ነፋስ የተርባይኑ ክንፍ ጫፍ ወደሚደርስበት ከ100 ሜትር በላይ ወዳለው ከፍታ ሲወጡ ይበረታል። በበጋው ነፋስ ወቅት ስለ ውበት ብቻ ታስቦ የተገዛ ቀላል ድሮን ይዞ ፍተሻ መቀበል ያስቸግራል የምለው ስለዚህ ነው።

አቧራው ሦስተኛው ነገር ነው። የስምጥ ሸለቆው ደቃቅ አቧራ ድሮኑ ሲነሣና ሲያርፍ ተበትኖ በሞተሩ ክፍተት ይገባል፤ ከእሳተ ገሞራ በመጣው አሸዋ ውስጥ ያለውን ብረት የሞተሩ ማግኔት ስቦ ስለሚይዘውም በእፍ ብቻ አይወጣም። ማትሪስ 30 እና ማትሪስ 350 አይፒ55 የተባለው የአቧራና የውሃ መከላከያ ደረጃ አላቸው፤ የማቪክ፣ የኤርና የሚኒ ቤተሰቦች ግን እንዲህ ያለ ደረጃ አልተሰጣቸውም። ለእነዚህ ተጣጣፊ ማረፊያ ሸራ ይዞ መንቀሳቀስና ከባዶ መሬት ይልቅ በሸራው ላይ ማስነሣትና ማሳረፍ ብዙ ሞተር ያድናል።

ፍተሻ፦ ሚሊ ሜትሩን የሚያየው ሌንስ

የፍተሻ ድሮን ሲመረጥ «አራት ኬ ነው» የሚለው መልስ ምንም አይናገርም። የሚያስፈልገው ቁጥር አንዲት የምስል ነጥብ በእቃው ላይ ስንት ሚሊ ሜትር እንደምትሸፍን ነው። ማቪክ 3 ኢንተርፕራይዝ በሰፊው ሌንሱ ከ100 ሜትር ርቀት ሲያነሣ አንዷ ነጥብ 2.7 ሴንቲ ሜትር ያህል ትሸፍናለች፤ ከ10 ሜትር ሲያነሣ ወደ 2.7 ሚሊ ሜትር ትወርዳለች። በዚህ አንድ ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ስንጥቅ አይታይም። ያው ድሮን በ162 ሚሊ ሜትሩ ረጅም ሌንሱ ከዚያው ከ10 ሜትር ሲያነሣ ግን ነጥቧ ወደ ግማሽ ሚሊ ሜትር ስለምትጠብ ስንጥቁ ይወጣል። ለዚህ ነው ረጅም ሌንስ ለሰርግ ቀራጭ ጌጥ፣ ለመርማሪ ግን ዋናው መሣሪያ የሚሆነው። ከሰፊው ምስል ላይ በኮምፒውተር እየጎተቱ ማጉላት የሌለውን ዝርዝር አይፈጥርም።

የተርባይን ፍተሻ እንዴት እንደሚሄድ ማየት ምርጫውን ግልጽ ያደርገዋል። ተርባይኑ ይቆምና አንደኛው ክንፍ ወደ መሬት እንዲያመለክት ተደርጎ ይታሰራል፤ የሽክርክሪቱ ስፋት 77 ሜትር ገደማ ስለሆነ አንዱ ክንፍ ብቻውን ከ35 ሜትር ይረዝማል። አብራሪው ድሮኑን ከክንፉ ስምንት ወይም አሥር ሜትር ራቅ አድርጎ ከሥሩ እስከ ጫፉ ቀስ ብሎ ያወርደዋል፤ ፊተኛውን ጠርዝ፣ ኋለኛውን ጠርዝና ሁለቱን ጎኖች በየተራ ያነሣል። ፊተኛው ጠርዝ ላይ አቧራና ዝናብ ቀለሙን ቀርፎ ሻካራ ያደረገው ክፍል በምስሉ ላይ እንደ ተበላ ጥርስ ይታያል፤ ጫፉ አጠገብ ባለው የመብረቅ መቀበያ ዙሪያ ደግሞ የጠቆረ ክብ ካለ መብረቅ መታው ማለት ነው። ይህንን ሁሉ ለማግኘት ከነፋስ ጋር እየታገለ ቦታውን የማይለቅ ድሮን፣ ረጅም ሌንስና እያንዳንዱ ምስል ከክንፉ በስንተኛው ሜትር ላይ እንደተነሣ የሚመዘግብ አሠራር ያስፈልጋል። አንድ ሺህ ጥርት ያለ ምስል አምጥቶ የትኛው ከየትኛው ክንፍ እንደሆነ መናገር ያቃተው ባለሙያ ባዶ እጁን እንደተመለሰ ይቆጠራል።

ቴርማል ካሜራ ሌላው ትልቅ ጥያቄ ነው፤ ሻጮችም ገዢዎችም አብዝተው የሚሳሳቱበት ስለሆነ ዘለግ አድርጌ አየዋለሁ። ከማቪክ 3 ኢንተርፕራይዝ ዓይነቶች አንዱ በሆነው በማቪክ 3 ቲ ላይ ያለው የሙቀት ካሜራ 640 በ512 ነጥብ ነው፤ ከተለመደው ካሜራ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትንሽ ይመስላል። ከ10 ሜትር ርቀት አንዷ ነጥብ 1.3 ሴንቲ ሜትር ያህል ትሸፍናለች፤ ሙቀትን በእርግጠኝነት ለመለካት ደግሞ እቃው በየአቅጣጫው ቢያንስ ሦስት ነጥብ መሙላት አለበት። ስለዚህ ከ10 ሜትር አራት ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለውን የሽቦ መያዣ መለካት ይቻላል፤ ከ30 ሜትር ግን ያው መያዣ ከጀርባው ካለው ሰማይ ጋር ተቀላቅሎ ከእውነተኛው ሙቀቱ ቀዝቅዞ ይነበባል። ካሜራው አልተበላሸም፤ ርቀቱ ነው የዋሸው። በማትሪስ 350 ላይ የሚገጠመው ዜንሙስ ኤች30ቲ 1,280 በ1,024 ነጥብ ስላለው ይህን ችግር በእጅጉ ያቃልላል፤ ዋጋው ግን ለጀማሪ የሚደፈር አይደለም።

ሙቀት በሚለካበት ሥራ ከእቃው ይልቅ ሰዓቱና የእቃው ገጽታ የሚወስኑባቸው ጊዜያት ብዙ ናቸው። የላላ የኤሌክትሪክ መጋጠሚያ የሚሞቀው በሚያልፍበት ኤሌክትሪክ መጠን ልክ፣ እንዲያውም በካሬው ስለሆነ፣ ፋብሪካው ሥራ ባቆመበት እሑድ ጠዋት መስመሩን መፈተሽ ጤነኛውንና በሽተኛውን አንድ ያደርጋል፤ መስመሩ ከሚሸከመው ቢያንስ 40 በመቶው ጭነት እያለፈ መሆን አለበት። አብረቅራቂ አሉሚኒየምና አዲስ ቆርቆሮም የራሳቸውን ሙቀት ከመስጠት ይልቅ የሰማዩን ቅዝቃዜ እንደ መስታወት ያንጸባርቃሉ። አዲስ ቆርቆሮ የለበሰ የመጋዘን ጣሪያ በቴርማል ካሜራ ሲታይ በጠራራ ፀሐይ እንኳ ቀዝቃዛ መስሎ የሚወጣው በዚህ ምክንያት ሲሆን፣ አጠገቡ ያለው ዝገት የያዘው ወይም ቀለም የተቀባው ክፍል ግን በትክክል ይነበባል። የፀሐይ ኃይል ፓኔል ሲፈተሽ ደግሞ በተቃራኒው ፀሐይ ያስፈልጋል፤ ፓኔሉ ላይ የሚያርፈው ብርሃን በካሬ ሜትር ከ600 ዋት በታች ከሆነ የተበላሸው ሴል ራሱን አይገልጥም። ይህን የማያውቅ ሰው ውድ ካሜራ ይዞ የተሳሳተ ሪፖርት ይጽፋል፤ ስለዚህ ለቴርማል ድሮን ከሚመደበው ገንዘብ የተወሰነው ለሥልጠና ቢመደብ ይበጃል።

ሞዴሎቹን በተመለከተ፣ ለአዳማ ዓይነት ሥራ የምመክረው የመነሻ ደረጃ ከማቪክ 3 ኢንተርፕራይዝ ወይም እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ከወጣው ማትሪስ 4 ነው። ሁለቱም ከአንድ ኪሎ ብዙም አይርቁም፤ በሻንጣ ይያዛሉ፤ የመጨረሻ ፊደላቸው «ቲ» የሆነው ቴርማል ካሜራ ያለው፣ «ኢ» የሆነው ደግሞ ለካርታና ለልኬት ሥራ የተዘጋጀ ሲሆን፣ የኋለኛው በፍጥነት ሲበር ምስሉን የማያጣምም ሜካኒካል ሸተር (ለብርሃን የሚከፈትና የሚዘጋ የካሜራ መጋረጃ) አለው። የመንገድ፣ የድንጋይ ካባ ወይም የግንባታ ቦታ ልኬት የሚሠራ ሰው «ቲ»ውን ገዝቶ ኋላ ይቆጨዋል፤ የመስመርና የጣሪያ ፍተሻ የሚሠራው ደግሞ «ኢ»ውን ገዝቶ ይቆጨዋል። አርቲኬ የተባለው የቦታ ማስተካከያ ከሚገጠምለት ሞጁልና ከመሬት ጣቢያው ጋር ሲሠራ ስህተቱን ከሜትሮች ወደ ሴንቲ ሜትሮች ያወርደዋል።

ማትሪስ 350 ከዚህ በላይ ያለው ደረጃ ነው። ከሁለት ባትሪዎቹ ጋር ስድስት ኪሎ ተኩል የሚጠጋ ክብደት አለው፤ እስከ 2.7 ኪሎ ካሜራ ይሸከማል፤ ባትሪዎቹ ካረፈ በኋላ ድሮኑ ሳይጠፋ አንድ በአንድ ይቀየራሉ። ዓመቱን ሙሉ የሚዘልቅ የፍተሻ ውል በእጁ ላይ የሌለ ሰው ይህን መግዛት የለበትም ባይ ነኝ። ለቦይለር፣ ለሲሎ (ለእህል ወይም ለሲሚንቶ ማከማቻ ማማ) እና ለታንከር ውስጥ ደግሞ ፈጽሞ ሌላ መሣሪያ አለ፤ የስዊዘርላንዱ ፍላየቢሊቲ የሚሠራው ኤሊዮስ 3 በዙሪያው በካርቦን ቀፎ ስለታጠረ ግድግዳ ቢነካ አይወድቅም፤ የጂፒኤስ ምልክት በማይደርስበት ጨለማ ውስጥም በሌዘር ራሱን እየመራ ያነሣል። የበረራ ጊዜው ከአሥር ደቂቃ ብዙም አይበልጥም። እንደ ወንጂ ሸዋ ስኳር ፋብሪካ ባለ ትልቅ ቦይለር ባለበት ቦታ ሰው በገመድ ከማውረድ ያድናል፤ ነገር ግን ዋጋው በአሥር ሺዎች ዶላር የሚቆጠር ስለሆነ ለአንድ ከተማ ባለሙያ ከመግዛት ይልቅ ካለው ድርጅት ጋር ተባብሮ መሥራት ይመረጣል።

መዝናኛ፦ ዓይንን የሚይዘው ምስል

በቀረጻ ሥራ ምርጫው የሚጠበበው በሴንሰሩ (ብርሃኑን ተቀብሎ ምስል በሚያደርገው የካሜራ ክፍል) ስፋት፣ በቀለም ጥልቀትና በድሮኑ ድምፅ ነው። ሚኒ 4 ፕሮ ቀላል፣ ድምፁ ዝቅ ያለና ካሜራውን ወደ ጎን አዙሮ ለቲክቶክ የሚሆን ቁም ምስል በሙሉ ጥራት የሚቀርጽ ስለሆነ ለጀማሪ ጥሩ ነው፤ ነፋስ ሲነሣ ግን ይሸነፋል። ኤር 3ኤስ ባለ አንድ ኢንች ዋና ሴንሰርና ተጨማሪ የ70 ሚሊ ሜትር ሌንስ አለው፤ ይህ ሁለተኛ ሌንስ በሰርግ ላይ የሚሰጠው ጥቅም ከሥዕሉ ውበት ያልፋል። ሙሽሮቹን ራቅ ብሎ አቅርቦ ስለሚያነሣ ድሮኑ በሰው ራስ ላይ ማንዣበብ አይኖርበትም። ለአዳማ ስቱዲዮ አንድ ብቻ ምረጥ ብባል የምመርጠው ይህን ነው።

ምክንያቱን በቅርብ ለማየት ሙሽሪት ከመኪና የምትወርድበትን ቅጽበት ማሰብ ይበቃል። ቀራጩ በሰፊ ሌንስ ፊቷን ለማግኘት ድሮኑን አራት ሜትር ያህል ሲያስጠጋ፣ ከፕሮፔለሩ የሚወርደው ነፋስ ቬሎውን ወደ ላይ ይገለብጠዋል፤ ሚዜዎቹ ይይዙታል፤ አቧራው በሱፍና በሐበሻ ቀሚስ ላይ ይነሣል፤ የድሮኑ ጩኸትም እልልታውን ይውጠዋል። በ70 ሚሊ ሜትሩ ሌንስ ከአሥራ አምስት ሜትር የተነሣው ምስል ግን ማንም ቀና ሳይል ያልቃል። ካህናት ባሉበት ቦታ ደግሞ አስቀድሞ ማስፈቀድና ጸሎት ሲደርስ ማሳረፍ የሥራው ሥነ ሥርዓት ነው።

ከካሜራው አካል ይልቅ ምስል የሚያበላሹት ጥቃቅን ነገሮች ናቸው። የአዳማ የቀን ፀሐይ ጠንካራ ስለሆነ ያለ ኤንዲ ፊልተር (ሌንሱ ላይ የሚገጠም ብርሃን ቀናሽ መስታወት) የተቀረጸ ምስል እየተቆራረጠ የሚዘል ይመስላል፤ በሰከንድ 25 ፍሬም ሲቀረጽ ሸተሩ ወደ አንድ ሃምሳኛ ሰከንድ እንዲወርድ ፊልተሩ ግድ ነው። ይኸው አንድ ሃምሳኛ የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ በአዳራሽ ውስጥ መብራቱ እንዳይርገበገብም ይጠቅማል። ለክሊፕ ሠሪዎች ደግሞ ባለ 10 ቢት ቀለም በኋላ በኤዲቲንግ ላይ የቆዳ ቀለም ሳይበላሽ ለማስተካከል ያስችላል። በመነጽር የሚበረረው አቫታ 2 በአዳራሽ በር ገብቶ በመስኮት የሚወጣ ዓይነት ቀረጻ ይሰጣል፤ ክንፎቹ የታጠሩ ቢሆኑም 23 ደቂቃ ብቻ ስለሚበርና መማሪያው ረጅም ስለሆነ ሁለተኛ ድሮን እንጂ የመጀመሪያ አይሁን። ኢንስፓየር 3 ሙሉ ፍሬም ሴንሰርና ስምንት ኬ ስላለው የፊልም ሥራ መሣሪያ ነው፤ አንዱ ሲያበር ሌላው ካሜራውን ስለሚያዝ ሁለት ባለሙያ ይፈልጋል፤ ለሰርግ ይህን መግዛት አይመከርም።

የብርሃን ትርኢት ድሮኖችን ከእነዚህ ጋር ማነጻጸር አይገባም፤ ካሜራ የላቸውም፤ ሥራቸው በታዘዙት ቦታ ሆኖ መብራት ማብራት ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. ለ2018ቱ የፒዮንግቻንግ የክረምት ኦሊምፒክ መክፈቻ ኢንቴል 1,218 ድሮኖችን አብርሯል፤ በ2021 በቶኪዮ 1,824 ታይተዋል፤ በ2024 መስከረም ደግሞ ሼንዘን ላይ 10,197 ድሮኖች በአንድ ኮምፒውተር ታዘዋል። ከመቶ ባነሰ ድሮን የሚሠራ ትርኢት በሰማይ ላይ ተበትኖ ስለሚቀር፣ አንድ መቶ ድሮን ደግሞ አንድ መቶ ባትሪ መሙላት፣ ሰፊ ሜዳና የተረጋጋ ነፋስ ማለት ስለሆነ፣ ለአዳማ ገበያ ይህን መግዛት አይታሰብም። ለአንድ ምሽት ትርኢት የሚፈልግ ደንበኛ ከመጣ ከነባለሙያው ማስመጣት ይሻላል።

አንዱ ለሁለቱም ይሆናል?

በተወሰነ መልኩ ይሆናል። ማቪክ 3 ኢንተርፕራይዝ ጥሩ ቪዲዮ ይቀርጻል፤ ነገር ግን ለፊልም ቀለም ማስተካከያ ተብሎ ከተሠራው ከወንድሙ ከማቪክ 3 ፕሮ ጋር ሲተያይ በዚህ በኩል ያንሳል። በሌላ በኩል ማቪክ 3 ፕሮ 166 ሚሊ ሜትር ሌንስ ስላለው የጣሪያ ስንጥቅ ማሳየት ይችላል፤ ቴርማልም፣ አርቲኬም፣ ሜካኒካል ሸተርም ግን የለውም። ስለዚህ «ቆርቆሮው የተነቀለበትን፣ ቦዩ የተደፈነበትን አሳየኝ» ለሚል የመጋዘን ባለቤት የቀረጻ ድሮን ይበቃል፤ ሥራውን መቀበልም ያስከብራል። «የመጋጠሚያውን ሙቀት በዲግሪ ጻፍልኝ» ወይም «የካባውን ድንጋይ በሜትር ኩብ ለካልኝ» ለሚል ደንበኛ ግን አይበቃም፤ እንዲህ ያለውን ሥራ በቀረጻ ድሮን የተቀበለ ሰው ገንዘብ ቢያገኝም ሁለተኛ አይጠራም።

የእኔ ምክር እንዲህ ነው፦ የሰርግ ደንበኛ ያለው ስቱዲዮ ኤር 3ኤስን ከሦስት ባትሪ ጋር ይግዛ፤ የዓይን ፍተሻ ብቻ የሆነውን የጣሪያ ሥራ በእርሱ ይሥራ፤ ቴርማል ለሚጠይቀው ሥራ ደግሞ ማሽኑ ካለው ባለሙያ ጋር ይካፈል። ከፋብሪካ ወይም ከተቋራጭ ጋር የተፈረመ ውል ያለው መሐንዲስ በቀጥታ ወደ ማትሪስ 4 ወይም ማቪክ 3 ኢንተርፕራይዝ ይሂድ፤ ሰርግ ለመቀበልም አይጓጓ፤ ውዱን የፍተሻ ድሮን በአቧራማ አዳራሽ ደጃፍ ላይ መጣል ኪሳራ ነው።

ከዋጋው ጀርባ ያለው ወጪ

ባትሪ ከድሮኑ ቀጥሎ ትልቁ ወጪ ከመሆኑም በላይ የመጓጓዣ ጉዳይ ነው። በመንገደኛ አውሮፕላን እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለው ሊቲየም ባትሪ በእጅ ሻንጣ ይፈቀዳል፤ ከ100 እስከ 160 ድረስ በአየር መንገዱ ፈቃድ ሁለት ብቻ፤ ከ160 በላይ ያለው በመንገደኛ ሻንጣ ፈጽሞ አይሄድም። የሚኒ 4 ፕሮ ባትሪ 19፣ የኤር 3ኤስ 62.5፣ የማቪክ 3 ኢንተርፕራይዝ 77 ዋት ሰዓት ገደማ፣ የማትሪስ 4 ደግሞ ከ100 ጥቂት በታች ነው። የማትሪስ 30 ከ130 ስለሚያልፍ ፈቃድ ይጠይቃል፤ የማትሪስ 350 አንዱ ባትሪ 263 ስለሆነ በጭነት ብቻ ይመጣል። ባትሪው ሲያረጅ ተተኪውን ለማስመጣት ያው ችግር ተመልሶ ይመጣል። ሙሉ ተሞልቶ ለሳምንታት የሚቀመጥ ባትሪ ያብጣል፤ ሰርግ በሌለበት ወቅት ግማሽ ያህል ሞልቶ ቀዝቀዝ ባለ ቦታ፣ በምንም ዓይነት ግን በፀሐይ በቆመ መኪና ውስጥ ሳይሆን፣ ማኖር ዕድሜውን ያረዝመዋል።

የሪፖርት ሶፍትዌርም አይረሳ። ዲጄአይ ለቴርማል ምስል ትንተና በነጻ የሚሰጠው ፕሮግራም አለ፤ ካርታና ሦስት ገጽታ ያለው ሞዴል የሚሠሩት እንደ ፒክስ4ዲና ሜታሼፕ ያሉት ግን ፈቃዳቸው ይገዛል፤ ጠንካራ ኮምፒውተርም ይፈልጋሉ። የካርታ ሥራ ምስሎች እርስ በርስ ከ70 እስከ 80 በመቶ መደራረብ ስላለባቸው ለትንሽ ቦታ እንኳ በመቶዎች የሚቆጠር ምስል ይከማቻል፤ ፈጣን ሜሞሪ ካርድና ትርፍ ሃርድ ዲስክ በመጀመሪያው ቀን ነው የሚያስፈልገው።

ያገለገለ ድሮን የሚገዛ ሰው ደግሞ ከውጫዊ ንጽህናው በፊት የሚያያቸው ነገሮች አሉ። ድሮኑና ሪሞቱ ከቀድሞው ባለቤት አካውንት ጋር ተያይዘው ከቆዩ በኋላ መፍታት አስቸጋሪ ስለሚሆን፣ ሻጩ ፊት ለፊት ተቀምጦ አካውንቱን እንዲያላቅቅና በገዢው አካውንት እንዲነሣ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ለዚህም ኢንተርኔት ያለበት ቦታ መምረጥ ነው። በመተግበሪያው ላይ እያንዳንዱ ባትሪ ስንት ጊዜ ተሞልቶ እንደወጣ ይነበባል። ሞተሮቹን አንድ በአንድ በጣት ቀስ ብሎ ማሽከርከርና የአሸዋ ሻካራነት ካለ መስማት፣ ጊምባሉ (ካሜራውን ሚዛኑን የሚያስጠብቀው መያዣ) ሲበራ ሳይንቀጠቀጥ መስመሩን መያዙን ማየት፣ ከዚያም በሚበርበት ቦታ ነፋስ ባለበት ሰዓት ለአሥር ደቂቃ በአንድ ቦታ አንሳፍፎ መንሸራተቱን መመልከት ይገባል። የፈቃዱ ወረቀት ከእቃው ጋር ካልቀረበ ግን ዋጋው ምንም ያህል ቢወርድ ከፍሎ መውሰድ አይገባም።